ለአገራዊ የአየር ንብረት ሞዴል ምርምር የድጋፍ ጥሪ፦ ቅድሚያ ለወረቀቱ፣ ቀጥሎ ለኮምፒውተሩ

በአገር ቤትና በውጭ የምንኖር የሚቲዎሮሎጂ፣ የውሃ ምህንድስናና የኮምፒውተር ባለሙያዎች ተሰባስበን የያዝነው ሥራ ኢትዮጵያን በ4 ኪሎ ሜትር ጥራት የሚያሳይ የአየር ንብረት ሞዴል (የአየሩን ሁኔታ የሚያሰላ የኮምፒውተር ፕሮግራም) ማስኬድ ነው። ውጤቱን ከአገራችን የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎች ልኬት ጋር አመሳክረን ግድብ ለሚነድፈው፣ ለግብርናውና ለኃይል ዕቅድ አውጪው በሚጠቅመው መልክ እናስረክባለን። ለዚህ ገንዘብ፣ ዕቃና የሙያ ጊዜ እንጠይቃለን።

ዛሬ በየሰነዱ የሚጠቀሱት ዓለም አቀፍ ሞዴሎች አብዛኞቹ ምድርን የሚከፋፍሉት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባላቸው ሳጥኖች ነው። አንዱ ሳጥን አንድ ከፍታ፣ አንድ ዝናብ፣ አንድ ሙቀት ብቻ ይይዛል። ከባሕር ጠለል በታች ካለው ዳሎል እስከ 4,550 ሜትሩ ራስ ዳሽን ለሚወጣ አገር ይህ የትም አያደርስም፤ ቆላውም ደጋውም አንድ ላይ ተደባልቆ ይቀራል። ኮርዴክስ በተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ትብብር ለአፍሪካ የተሠሩት ክልላዊ ሞዴሎች እንኳ 50 ኪሎ ሜትር፣ ሻል ያሉት 25 ኪሎ ሜትር ናቸው። በኢትዮጵያና በኬንያ ተራሮች መካከል ባለው ሸለቆ የሚያልፈው የቱርካና ነፋስ የአካባቢውን እርጥበት ተሸክሞ የሚሄድ ነው። ሞዴሉ ተራሮቹን ዝቅ፣ ሸለቆውን ከፍ አድርጎ ሲያይ ነፋሱ ይዳከማል፤ የዝናቡም ቦታና መጠን አብሮ ይዛባል።

ችግሩ የካርታ ውበት አይደለም። በምሥራቅ አፍሪካ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ዝናብ ከ1980ዎቹ እስከ 2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እየቀነሰ ሲመጣ፣ አብዛኞቹ ሞዴሎች ግን ለመጪው ጊዜ ጭማሪ ይተነብያሉ። ከ2020 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ በቦረናና በሶማሌ ክልል አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ታዲያ የመስኖ ዕቅድ አውጪው የቱን ይመን? ከ90 በመቶ በላይ ኤሌክትሪኩን ከውሃ የሚያገኝ አገር በዓባይ ተፋሰስ ላይ ሞዴሎቹ በጭማሪና በቅናሽ ሲከፋፈሉ አማካዩን ወስዶ መቀመጥ አይችልም። የአንዱ ጭማሪና የሌላው ቅናሽ ተጣፍተው “ለውጥ የለም” የሚል መልስ ይወጣል፤ ይህ ደግሞ ከሁሉም የከፋው መልስ ነው። መንግሥት በ2021 እ.ኤ.አ. ያሻሻለው የአየር ንብረት ዕቅድ በ2030 እ.ኤ.አ. ልቀትን ምንም ካልተደረገ ከሚደርስበት በ68.8 በመቶ እንደሚቀንስ ይገልጻል፤ ዓለም አቀፉ የአየር ንብረት ጉባኤ ኮፕ 32ም በ2027 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል። በእንዲህ ያለው መድረክ ላይ የሚቀርበው ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር የመላመድ ወጪ ስሌት በሰው አገር ሳጥን ላይ ብቻ መቆሙ ያሳስበናል።

“የራሳችንን ሞዴል ከዜሮ እንሥራ” የሚሉን ደጋፊዎች አሉ። እኛ አንስማማም። ደብሊው አር ኤፍ የተባለው ሞዴል ኮዱ ክፍት፣ ዋጋው ነፃ ነው፤ ከጣሊያኗ ትሪየስት የሚወጣው ሬግሲኤምም እንዲሁ። የጎደለን ሞዴል ሳይሆን ሞዴሉ ልክ መሆኑን የምናረጋግጥበት ንጹሕ ልኬት ነው። ስለዚህ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ትልቁ ድርሻ ለወረቀት ሥራ፣ ማለትም በየጣቢያው በወረቀት ቅጽ የተመዘገበውን ልኬት ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ይሄዳል።

የወረቀቱ ሥራ እንዲህ ነው። መነሻችን 40 ጣቢያዎች፣ 30 ዓመት፣ በየወሩ አንድ ቅጽ፦ 14,400 ገጽ። እያንዳንዱ ገጽ ፎቶ ከተነሣ በኋላ ሁለት ጸሐፊዎች ሳይተያዩ ለየብቻ ያስገቡታል፤ ኮምፒውተሩ ሁለቱን አነጻጽሮ የተለያዩበትን ቁጥር ለሦስተኛ ሰው ያወጣል። አንድ ጸሐፊ በቀን 40 ገጽ ቢጨርስ ለአራት ጸሐፊዎች 180 የሥራ ቀን ነው። ይህን ክፍያ በበጎ ፈቃድ ለመሸፈን አንሞክርም። ቁጥር ማስገባት አሰልቺ ነው፤ የሰለቸው ሰው ደግሞ 12.5ን 125 ብሎ ያልፋል።

ስህተቱ የሚበዛው ባዶው ላይ ነው። በቅጹ ላይ ያልተጻፈ ቀን “አልዘነበም” ነው ወይስ “አልተለካም”? ባዶውን ሁሉ ዜሮ አድርጎ ያስገባ ሰው ድርቅ ፈጥሮ ይሄዳል። ለካዩ ቅዳሜና እሑድ ካልነበረ የሰኞው ቁጥር የሦስት ቀን ድምር ሊሆን ይችላል፤ እንደ አንድ ቀን ከተያዘ ደግሞ የሌለ ጎርፍ ይወለዳል፤ የመንገድ ቱቦና የግድብ ማስተንፈሻም በእሱ ይነደፋል። ጣቢያው ስሙን እንደያዘ ወደ ሌላ ግቢ ተዛውሮ፣ ወይም መለኪያው አጠገብ የተተከለ ባሕር ዛፍ አድጎ ጋርዶት ሊሆን ይችላል። ይህን የምንይዘው የጣቢያውን ድምር ከጎረቤት ጣቢያዎች ድምር ጋር በአንድ ግራፍ ላይ አድርገን መስመሩ የተሰበረበትን ዓመት በመፈለግ ነው። ቀጥሎ የቀን ጉዳይ አለ። የዝናብ መለኪያ የሚነበበው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ስለሆነ ሰኞ ጠዋት የተነበበው በአብዛኛው የእሑድ ከሰዓት ዝናብ ነው። የሞዴሉ ቀን ደግሞ በግሪንዊች አቆጣጠር እኩለ ሌሊት፣ ማለትም በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ያልቃል። የሞዴሉን የየሰዓት ውጤት ከጠዋት 3 እስከ ጠዋት 3 ሰዓት ካልደመርነው ጥሩውን ሞዴል መጥፎ ብለን እንጥለዋለን። (ዓመቱን 360 ቀን፣ ወሩን ሁሉ 30 ቀን አድርገው የሚቆጥሩ የእንግሊዝ ሞዴሎችም አሉ፤ ጳጉሜ የሌላት የእኛው ዘመን መቁጠሪያ ማለት ነው። መረጃቸውን ከጣቢያው ቀን ጋር ማጋጠም ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው።)

ወደ ኮምፒውተሩ እንምጣ። አገሪቱን ከነዙሪያዋ 1,600 በ1,900 ኪሎ ሜትር አድርገን በ4 ኪሎ ሜትር ስንከፍላት 190,000 ነጥብ ይሆናል፤ ይህን የሚያቅፍ ባለ 12 ኪሎ ሜትር ሰፊ ክልልም በዙሪያው ይኖራል። ሞዴሉ አየሩን በየ24 ሰከንዱ እያሰላ ይራመዳል፤ በቀን 3,600 እርምጃ፣ በ10 ዓመት ከ13 ሚሊዮን በላይ። አንዱ እርምጃ አንድ ሰከንድ ቢፈጅ ለአንድ ዙር (ለ10 ዓመት ስሌት) 152 ቀን ያለማቋረጥ መሥራት ያስፈልጋል። ያቀድነው አምስት ዙር ነው፦ አንዱ ያለፈውን ኢራ 5 በተባለው የዓለም የአየር ሁኔታ መረጃ ለመፈተን፣ አራቱ ደግሞ አንዱ ወደ ድርቀት፣ ሌላው ወደ እርጥበት ያዘነበለ ሁለት ዓለም አቀፍ ሞዴሎችን እንደ ግቤት ወስደን የእኛን ላለፈውና ለመጪው ዘመን ለማስኬድ። ፖሊሲ አውጪው የሚያስፈልገው ክፉውንና ደጉን የሚያሳይ ወሰን ነውና በአንድ ሞዴል አናቆምም። በሞዴሉ ውስጥ ያለው አፈር እርጥበቱን እስኪያስተካክል የየዙሩ የመጀመሪያ ወራት ስለሚጣሉ ሥራው ከሁለት ዓመት በላይ ይወስዳል። “ለምን 2 ኪሎ ሜትር አይሆንም?” ለሚል፦ ነጥቡ አራት እጥፍ ይበዛል፣ እርምጃው በግማሽ ያጥራል፣ ወጪው ስምንት እጥፍ ይሆናል።

የሚያስፈልጉን እያንዳንዳቸው ባለ 64 ኮር (የፕሮሰሰር ማስያ ክፍል) አራት ሰርቨሮች ናቸው። ለዚህ ስፋት ከ300 ኮር በላይ መጨመር ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ኮሮቹ ከማስላት ይልቅ እርስ በርስ በመነጋገር ጊዜያቸውን ይጨርሳሉ። ስለዚህ ኮር ከመደመር ሰርቨሮቹን የሚያገናኘውን ፈጣን መስመር፣ ኢንፊኒባንድን፣ መግዛት ይሻላል። 20 ዓይነት ልኬት በየሰዓቱ ሲቀመጥ በዓመት 133 ጊጋባይት፣ ለአምስቱ ዙር 6.7 ቴራባይት ገደማ ነው። የከፍተኛው አየር መረጃ፣ ግቤቱና ቅጂው ሲታከል 40 ቴራባይት እንፈልጋለን፤ ሁለተኛው ቅጂ በሌላ ከተማ ይቀመጣል። ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚይዘው ባትሪ) ሌሊቱን ሙሉ እንዲያሠራን አንጠብቅም። መብራት ሲጠፋ ሞዴሉ በሥርዓት እንዲዘጋ 20 ደቂቃ ቢሰጠን ይበቃል። የሚገድለን ሞዴሉ ዳግም የሚነሣበትን ፋይል እየጻፈ ሳለ መብራት መጥፋቱ ነው፤ ግማሽ የተጻፈ ፋይል ለምንም አይሆንም። ስለዚህ ሁልጊዜ የመጨረሻዎቹን ሁለት ፋይሎች እናቆያለን፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ያለው ርቀትም በሞዴሉ አቆጣጠር የ10 ቀን ስሌት ነው።

በውጭ ለምትኖሩ ወገኖች፦ የጌም ካርድ ያላቸውን ኮምፒውተሮች አትላኩልን፤ የምናስኬደው ኮድ የሚሠራው በተራ ፕሮሰሰር ነው። ጠቃሚው የሰርቨር ሚሞሪና አዲስ ሃርድ ዲስክ ነው፤ ያገለገለ ዲስክ ይቅርብን። ከአሜሪካ የሚመጣ ዕቃ ፓወር ሰፕላዩ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ እንዳለው እዩ፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ እዚህ ሲሰካ ይቃጠላል። በሻንጣ ይዞ ለመግባት አትሞክሩ። ጉምሩክ ላይ የሚያዘው ዕቃ ከሚደርሰን ይበልጣል፤ ከመላካችሁ በፊት አስተባባሪዎቻችንን አነጋግሩ፣ የቀረጥ ወረቀቱን እኛ እንጨርሳለን።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የዕቃ ዋጋ ስለማይረጋ ጥሪውን በብር ድምር አላወጣንም። ለጋሹ የሚሸፍነውን ይመርጣል፦ የአንድ ጣቢያ 30 ዓመት (360 ገጽ)፣ አንድ ሃርድ ዲስክ፣ የአንድ ጸሐፊ የወር ደመወዝ። ገንዘቡ የሚወጣው በሦስት ፈራሚ ነው፤ ደረሰኙ በየሩብ ዓመቱ ለለጋሾች ይላካል። የጣቢያዎቹ ቅጾች ባለቤት የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። የአጠቃቀም ስምምነት ሳይፈረም አንድ ገጽ አይነሣም፤ የተጣራው መረጃም መጀመሪያ የሚመለሰው ወደዚያው ነው።

ገንዘቡ ከታሰበው ካነሰ የሚቀነሰው ከኮምፒውተሩ ነው። በሁለት ሰርቨር፣ በ12 ኪሎ ሜትሩ ብቻ እንጀምራለን። ለ10 ጣቢያ ብቻ ከበቃ በልግ አብቃይ ከሆኑት ወረዳዎች እንነሣለን፤ ሞዴሎቹ በብዛት የሚስቱት በበልግ ላይ ነው። በሙያ ለማገዝ የምትፈልጉ ፓይተን የምትጽፉ፣ ሊኑክስ የምታስተዳድሩ ወይም የቆየ የቅጽ አጻጻፍ የምታውቁ ጡረተኛ ለካዮች በሳምንት አራት ሰዓት ለስድስት ወር ቃል ግቡልን፤ ከዚያ ያነሰ ጊዜ ለማሠልጠኛ ብቻ ያልቃል።