የታሪክና ሥነ ዜጋ ክበብ የዓመቱ ሥራ፦ የትኛው ጆንሰን?

ክበባችን ዘንድሮ የያዘው ሥራ የአንድ መጠሪያ ስም መዝገብ ማዘጋጀት ነበር። ስሙ ጆንሰን ነው። ከአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች፣ ሴናተሮች፣ የተወካዮች ምክር ቤት አባላት፣ አገረ ገዥዎችና ከንቲባዎች መካከል ጆንሰን የሚባሉትን አንድ በአንድ ለይተን ለእያንዳንዳቸው ካርድ አወጣን። «ፕሬዚዳንት ጆንሰን» ወይም «ሴናተር ጆንሰን» የሚለው አጠራር ብቻውን ሲመጣ፣ ስለ የትኛው እንደሚወራ ፈጥኖ የሚያሳይ ነገር በቤተ መጻሕፍታችን አልነበረም። በአሜሪካ በብዛት ስሚዝ አንደኛ፣ ጆንሰን ሁለተኛ ነው፤ ይሁንና ስሚዝ የሚባል ፕሬዚዳንት አልነበረም። ከጆንሰኖች ግን ሁለት ፕሬዚዳንቶችና ሦስት ምክትል ፕሬዚዳንቶች ወጥተዋል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አባላት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደጋግመው ያነሡት ጥያቄ «ዘመዳሞች ናቸው?» የሚል ነበር። አይደሉም። ስሙን ከእንግሊዝ ይዘውት የመጡ አሉ፤ ከስዊድንና ከኖርዌይ መጥተው ዮሐንሰን የሚለውን በአሜሪካ አጻጻፍ ጆንሰን ያደረጉ አሉ፤ ከጥቁር አሜሪካውያንም መካከል ብዙ ጆንሰኖች አሉ። የሚኒሶታ ግዛት ጥሩ ማሳያ ነው። ከ1905 እስከ 1909 አገረ ገዥ የነበሩት ጆን አልበርት ጆንሰን የስዊድን ስደተኞች ልጅ ሲሆኑ፣ ከ1923 እስከ 1925 ሴናተር የነበሩት ማግነስ ጆንሰን ደግሞ እዚያው ስዊድን የተወለዱ ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንባችን፣ ማስረጃ ሳይያዝ በካርድ ላይ ዝምድና አይጻፍም የሚል ሆነ።

ካርዱ ከጠንካራ ነጭ ወረቀት ተቆርጦ ቁመቱ 10፣ ወርዱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ነው። ሰባት መስመር አለው፦ ሙሉ ስም ከመካከለኛው ስም ጋር፣ የሚጠሩበት አጭር ስም፣ ግዛት፣ ሥልጣን፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ፓርቲ፣ በመጨረሻም «ከማን ጋር ይምታታል» የሚል። ሰባተኛው መስመር መጀመሪያ ላይ ትርፍ መስሎን ነበር፤ በኋላ ግን ሰው ካርዱን ሲያነሣ ቀድሞ የሚያየው እሱን ሆነ። የአሜሪካ መዝገቦች በመጨረሻው ስም ይደረደራሉ፤ እኛ እንደዚያ ብናደርግ ሣጥኑ ሁሉ ጆንሰን ብቻ ይሆናል። በራሳቸው ስም፣ በሀ ሁ ተራ ደረደርናቸው። ይህም አንድ ችግር ይዞ መጣ። የአሁኑ አፈ ጉባኤ ማይክ ጆንሰን በመዝገብ ስማቸው ጄምስ ማይክል ጆንሰን ናቸው፤ የጆርጂያው ተወካይ ሃንክ ጆንሰን ደግሞ ሄንሪ ናቸው። በአንዱ ስም ብቻ ከተቀመጡ በሌላው የሚፈልጋቸው ተማሪ አያገኛቸውም። መፍትሔው ሁለተኛ አጭር ካርድ መጨመር ነው፦ «ማይክ፦ ጄምስ ማይክል የሚለውን ተመልከት»።

ብዙ ጊዜ የወሰዱት ሁለቱ ፕሬዚዳንቶች ናቸው፤ መውሰድም ነበረባቸው። አንድሩ ጆንሰን በ1808፣ ሊንደን ጆንሰን በ1908 ተወለዱ። ሁለቱም የደቡብ ሰዎች ናቸው፣ አንዱ ከቴነሲ ሌላው ከቴክሳስ። ሁለቱም በተወካዮች ምክር ቤትም በሴኔትም አገልግለዋል። ሁለቱም ምክትል ሳሉ ፕሬዚዳንቱ በጥይት ተገድሎ፣ አንዱ ሊንከንን ሌላው ኬኔዲን ተኩ፤ ከሥልጣን የወረዱትም አንዱ በ1869 ሌላው በ1969 ነው። እንዲህ ያለ ግጥጥሞሽ ለወሬ ያመቻል፤ ለፈተና ግን ወጥመድ ነው፤ ተማሪው የአንዱን ሥራ ለሌላው ይሰጣል። ስለዚህ በሁለቱ ካርዶች ጀርባ የሚለያዩበትን ጻፍን። አንድሩ በልብስ ሰፊነት ሙያ ያደጉ፣ ምክትል ፕሬዚዳንትነቱን ለ42 ቀናት ብቻ የያዙ፣ አላስካ ከሩሲያ በ7.2 ሚሊዮን ዶላር የተገዛው በዘመናቸው የሆነ፣ በምርጫ አሸንፈው ፕሬዚዳንት ያልሆኑ ናቸው። ሊንደን ግን በ1964 በራሳቸው ተወዳድረው በከፍተኛ ድምፅ አሸንፈዋል፤ የ1964ቱን የዜጎች መብት ሕግና የ1965ቱን የመምረጥ መብት ሕግ የፈረሙትም እሳቸው ናቸው።

ፓርቲ የሚለው መስመር አንድሩ ላይ ሲደርስ ይሰበራል። ዲሞክራት ነበሩ፤ ከሪፐብሊካኑ ሊንከን ጋር የተመረጡት ግን ለጦርነቱ ጊዜ በተሰጠው «ብሔራዊ ኅብረት» በሚል ስም ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የጻፈ ካርድ ያሳስታል። ሁለቱንም መጻፍ፣ ዓመቱንም አጠገባቸው ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ሌላው የምክትሎቻቸው ጉዳይ ነው። «የእሳቸው ምክትል ማን ነበር?» ሲባል ተማሪ ባዶ ቦታ አይወድም፤ የሆነ ስም ይሞላል። አንድሩ በሥልጣን ዘመናቸው ሁሉ ምክትል አልነበራቸውም። ሊንደንም ሁበርት ሃምፍሪ ጥር 20 ቀን 1965 ቃለ መሐላ እስኪፈጽሙ ድረስ አልነበራቸውም። ክፍት የሆነ የምክትል ቦታ የሚሞላበት መንገድ በሕገ መንግሥቱ የገባው በ1967 በጸደቀው 25ኛው ማሻሻያ ነውና። በካርዱ ላይ «ክፍት» ብሎ መጻፍ ትክክለኛ መልስ ነው።

በግሌ የዓመቱ ምርጥ ካርድ የምለው የሬቨርዲ ጆንሰንን ነው። በ1868 የተወካዮች ምክር ቤት በፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን ላይ ክስ መሠረተ። ፍርዱ ወደ ሴኔት ሲሄድ ሴናተሮቹ 54 ነበሩ፤ ከሥልጣን ለማውረድ 36 ድምፅ ያስፈልግ ነበር። 35 ለ19 ሆነ፤ በአንድ ድምፅ ተረፉ። ነፃ ካሏቸው 19 ሴናተሮች አንዱ የሜሪላንዱ ሬቨርዲ ጆንሰን ናቸው። ስለዚህ «ጆንሰን በጆንሰን ክስ ላይ ድምፅ ሰጡ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ቀልድ ሳይሆን እውነት ነው። በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንቱ ሬቨርዲን በብሪታንያ መልእክተኛቸው አድርገው ሾሟቸው፤ እሳቸውም እዚያ ከእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጋር የጆንሰንና ክላረንደን ስምምነት የሚባለውን ተፈራረሙ፤ ሴኔቱ ግን በ1869 ውድቅ አደረገው። ይህ ስምምነት በመጽሐፍ ውስጥ ሲገኝ አብዛኛው አንባቢ በፕሬዚዳንቱ ስም የተጠራ ይመስለዋል። ካርዱ ባይኖር የእኛም ክበብ እንደዚያው ይጽፈው ነበር።

ቀን የመጻፍ ጉዳይ ከሁሉ በላይ ስሕተት የወለደ ነው። በሁለት በኩል ይበላሻል። በአንድ በኩል የአሜሪካ የሥልጣን ዘመን እስከ 1930ዎቹ ድረስ የሚጀምረው መጋቢት 4 ነበር፤ ከ20ኛው ማሻሻያ ወዲህ ምክር ቤቱ ጥር 3፣ ፕሬዚዳንቱ ጥር 20 ሆነ። ምርጫው በኅዳር ስለሚካሄድ የተመረጡበትን ዓመት የሥልጣን መጀመሪያ አድርጎ መጻፍ በአንድ ዓመት ያሳስታል። የካሊፎርኒያው ሃይረም ጆንሰን ይህን ያባብሳሉ፤ በ1916 ሴናተር ተመርጠው ሳለ የአገረ ገዥነት ወንበራቸውን ወዲያው አልለቀቁም፤ ሴኔት የገቡት መጋቢት 16 ቀን 1917 ነው። ከዚያ በኋላ እስከ 1945 ድረስ አልወጡም።

በሌላ በኩል የእኛ አቆጣጠር አለ። ከሁሉም ዓመት ላይ ስምንት መቀነስ ቀላል ይመስላል። ሊንደን ጆንሰን ሥልጣን የያዙት ኅዳር 22 ቀን 1963 ነው፤ ወሩ ከእኛ ዘመን መለወጫ በኋላ ስለሆነ የሚቀነሰው ሰባት ነው፤ ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም. ይሆናል። የወረዱት ጥር 20 ቀን 1969 ነው፤ እዚህ ላይ ስምንት ይቀነሳል፤ ጥር 12 ቀን 1961 ዓ.ም.። ከሁለቱም ስምንት የቀነሰ ተማሪ ኬኔዲን አንድ ዓመት ቀድሞ ይገድላቸዋል። በካርዱ ላይ የአውሮፓውያኑን ብቻ መጻፍ፣ የእኛን ለብቻው በጀርባ ማስላት የሚለው ስምምነት ስሕተቱን በጣም ቀነሰው።

ከሁለቱ ፕሬዚዳንቶች ቀጥሎ የሚያደክሙት የራሳቸው ስምም የሚገጥመው ናቸው። ሁለት ቲም ጆንሰን አሉ፣ በመዝገብ ሁለቱም ቲሞቲ። የሳውዝ ዳኮታው ቲሞቲ ፒተር ዲሞክራት ናቸው፤ ከ1997 እስከ 2015 ሴናተር ነበሩ። የኢሊኖይው ቲሞቲ ቪንሰንት ሪፐብሊካን ናቸው፤ ከ2001 እስከ 2013 በተወካዮች ምክር ቤት ነበሩ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሁለት ቲም ጆንሰን ነበሩ ማለት ነው። ኤድዊን ጆንሰንም ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ዲሞክራት፣ ሁለቱም ሴናተር፣ አንዱ የሳውዝ ዳኮታ ሌላው የኮሎራዶ። እዚህ የሚያድነው መካከለኛው ፊደልና ዘመኑ ብቻ ነው። ቴክሳስ ላይ ሳም ጆንሰን የሚለው የሊንደን አባት ሊሆን ይችላል፤ በግዛቱ ምክር ቤት አባል ነበሩ። ወይም ደግሞ በቬትናም ተማርከው ለሰባት ዓመት ያህል የታሰሩት፣ ከ1991 እስከ 2019 በዋሽንግተን ያገለገሉት የአየር ኃይል መኮንን ናቸው።

ጾታም ይሳሳታል። ኤዲ በርኒስ ጆንሰን የሚለውን ያነበበ ወንድ ይመስለዋል፤ ከ1993 እስከ 2023 ቴክሳስን የወከሉ፣ በነርስነት ተመዝግበው ለምክር ቤቱ ከተመረጡት የመጀመሪያዋ የሆኑ ሴት ናቸው።

አጻጻፍ ላይ የወሰድነው አቋም አጭር ነው፦ ጆንሰንና ጆንስተን አይቀላቀሉም። የሉዊዚያናው ቤኔት ጆንስተን ከ1972 እስከ 1997 ሴናተር ነበሩ፤ አፈ ጉባኤው ማይክ ጆንሰንም ከዚያው ግዛት ናቸው። የሳውዝ ካሮላይናው ኦሊን ጆንስተን ደግሞ ከሊንደን ጆንሰን ጋር በአንድ ሴኔት ተቀምጠዋል። «ት»ዋን የጣለ ሌላ ሰው አምጥቷል።

በሚኒ ሚድያ ያቀረብነው ክፍል «ለጥቂት» የሚል ነበር። ጆንሰኖች ለጠባብ ልዩነት የተፈጠሩ ይመስላሉ። አንድሩ በአንድ ድምፅ ተረፉ። ሪቻርድ ሜንተር ጆንሰን በ1836ቱ ምርጫ ምክትል ፕሬዚዳንት ለመሆን 148 የመራጭ ወኪሎች ድምፅ ሲያስፈልጋቸው 147 አገኙ፤ የቨርጂኒያ 23 ወኪሎች አንመርጣቸውም ስላሉ ነው። ውሳኔው ወደ ሴኔት ሄዶ 33 ለ16 አለፉ፤ በሴኔት የተመረጠ ምክትል ፕሬዚዳንት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሊንደን በ1948 የዲሞክራቶች የመጨረሻ ዙር የሴኔት እጩ ምርጫ በ87 ድምፅ፣ የሳውዝ ዳኮታው ቲም በ2002 በ524 ድምፅ አሸነፉ። ለጥያቄና መልስ ውድድር ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላገኘንም።

ወደ እኛ የሚያደርስ ክር ሊንደን ጆንሰን ላይ ብቻ ነው ያለው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በየካቲት 1967 ዋሽንግተን ሄደው አግኝተዋቸዋል። በ1965 የፈረሙት የኢሚግሬሽን ሕግ ደግሞ በትውልድ አገር ላይ የተመሠረተውን ኮታ ያስቀረው ነው፤ ከአፍሪካ ወደ አሜሪካ የሚሄደው ሕዝብ እንዲበረክት በር ከከፈቱት አንዱ ነው። ይህ በካርዱ ጀርባ ተጽፏል፤ ከዚያ በላይ አላስረዘምነውም።

በሥልጣን ላይ ያሉት ካርድ ከመጨረሻው ዓመት ጀምሮ በእርሳስ ይጻፋል፦ የዊስኮንሲኑ ሴናተር ሮን፣ የጆርጂያው ሃንክ፣ የሳውዝ ዳኮታው ደስቲ፣ የቺካጎው ከንቲባ ብራንደን። ፓርቲም በእርሳስ ነው፤ የዳላሱ ከንቲባ ኤሪክ ጆንሰን በ2023 በሥልጣን ላይ ሳሉ ከዲሞክራት ወደ ሪፐብሊካን ተሻግረዋል።

ሣጥኑ በቤተ መጻሕፍቱ የማጣቀሻ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ካርድ ከክፍሉ አይወጣም፣ በእጅ ይገለበጣል። የአሜሪካ ምክር ቤት በየሁለት ዓመቱ፣ በጎዶሎው ዓመት ጥር 3 ማለትም በእኛ ታኅሣሥ 25 ገደማ አዲስ ዘመን ስለሚጀምር፣ በእርሳስ የተጻፉት የሚታዩት ከገና ዕረፍት በኋላ ባለው የመጀመሪያ ስብሰባ ነው። መቀላቀል የምትፈልጉ በመስከረም የክበባት ምዝገባ ላይ ተመዝገቡ፤ መቀስ፣ እርሳስና ማስመሪያ ይዛችሁ ኑ።