የአዋሳኝ ቀበሌዎች ነገር በግጭት ዘገባ ብቻ አይያዝ

ይድረስ ለክቡር አዘጋጁ፣

በወሎና በአፋር አዋሳኝ ወረዳዎች ስላለው ሁኔታ የምታወጡትን እከታተላለሁ። ስንት ሰው ሞተ፣ ስንት ከብት ተነዳ፣ ማን ማንን ወቀሰ፤ ከዚህ አያልፍም። የወሎ ገበሬና የአፋር አርብቶ አደር ጠብ ለምን በመኸር ሰሞን እንደሚብስ ግን የጻፈ አላየሁም። እኔ ነገሩ ያለው ማሽላው ዘንድ ይመስለኛል።

ከቆቦ እስከ ባቲ በተዘረጋው ቆላ፣ በሀብሩና በወረባቦ ምሥራቃዊ ቀበሌዎችም፣ ገበሬው የሚመካበት ማሽላ ብዙ ወር የሚቆይ ነው። በበልግ ዝናብ ሚያዝያ ላይ ተዘርቶ ኅዳር ላይ ይታጨዳል። በልጉ ከከዳ ሐምሌ ላይ ጤፍ ወይም ማሾ ይሞከራል፤ ሆድ ይሞላ ይሆናል፣ አገዳ ግን የለም። አገዳ ለከተማ ሰው ምኑም አይደለም። እዚህ የበሬው ቀለብ፣ የምድጃው ማገዶ፣ የጓሮው አጥር እሱ ነው።

አፋሩም በበጋ ሣር ሲያልቅበት ከብቱንና ግመሉን ይዞ ወደ እኛ ይወጣል። ደህና ዓመት ከሆነ የሚደርሰው እህሉ ከተነሣ በኋላ ነው። ከብቱ የማሳውን ትራፊ ይለቅማል፣ መሬቱ እበት ያገኛል፣ ቅቤውም በእህል ይለወጣል። ድርቅ ሲጠና ግን ቀድሞ ይመጣል፣ ማሽላው ገና እንደቆመ። ደም የሚፈሰው በዚያ መሐል ነው። ክፉ ሰው በሁለቱም ወገን አለ፣ አልክድም፤ ግን ረኃብ ያላገናኘው ክፉ ሰው ብቻውን ይህን ያህል አያደርስም።

ማሳው መቼ እንደሚለቀቅ፣ ከብቱ በየት እንደሚገባ፣ ሰብል ያስበላ ምን እንደሚክስ የሚቆርጡት አባጋሮች፣ ማለትም የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ እና የአፋር ሽማግሌዎች ነበሩ። አሁን የሚጠራው የሰላም ኮንፈረንስ ከቀብር በኋላ፣ በባነርና በአበል ነው።

በዚህ ላይ ያለፉትን ዓመታት ጨምሩበት። በ2013 መጀመሪያ አንበጣ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ጦርነት፣ ነሐሴ 2014 ቆቦ ላይ እንደገና ጦርነት። ብዙ ቤት በሬ ያጣው ያኔ ነው። አንድ በሬ የቀረው መቀናጆ ይፈልጋል፤ ምንም የሌለው መሬቱን በእኩል ይሰጣል። ጎረቤቴ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ የመሬቷን ምርት ግማሹን አራሹ ይወስዳል። የማዳበሪያ ዕዳ ቀኑ ሲደርስባት ሁለት ፍየል ነድታ ገበያ ወጣች። መንገድ ተዘግቶ ከቆላ የሚመጣው ገዢ ቀርቷል። ያለው ነጋዴ ጠዋት ዋጋ እንኳ አልጠየቃትም፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ጠበቀ። ፍየሎቹን መልሳ ወደ ቤት እንደማትነዳ ያውቃል። የሰጣትን ተቀብላ ገባች።

የባቲ ሰኞ ገበያ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩና አርጎባው የሚገናኙበት ነው። መንገዱ በተዘጋ ቁጥር የእህልና የከብት ዋጋ ይናጋል፣ የመጀመሪያው ተጎጂም የወሰኑ ገበሬ ነው። ሴፍቲኔቱ፣ ችግረኛው ሠርቶ የሚያገኘው እርዳታ፣ ከ1997 ጀምሮ ብዙ ቤት ደግፏል፤ ነገር ግን ለእርከን ይከፍላል እንጂ ገበያ አይከፍትም። የገበሬው ልጆችም በአፋር በኩል ሚሌን አልፈው በጅቡቲ በኩል ባሕር ለመሻገር ይነሣሉ። የደላላው ገንዘብ ከየት ይመጣል? የተረፈው በሬ ይሸጣላ።

ስለዚህ የሁለቱ ክልሎች ባለሥልጣናት የእርዳታ ስንዴ ከመቁጠራቸው በፊት በየዓመቱ መስከረም ላይ አጎራባች ወረዳዎችን ከሽማግሌዎቹ ጋር ያስቀምጡ። የከብቱ መግቢያ ቀንና መንገድ ይወሰን፣ ካሣው ይጻፍ፣ የሁለቱም ወገን ከብት አብሮ ይከተብ፣ ለገበያ ቀን መንገዱ ይጠበቅ። ለዚህ አዲስ ፕሮጀክት አያስፈልግም።

እናንተም ጋዜጠኛ የምትልኩ ከሆነ በጥቅምት መጀመሪያ ይምጣ። ማሽላው ፍሬ ይዞ ያገኘዋል፤ ሽማግሌዎቹም ያለ አበል ያነጋግሩታል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከመርሳ፣ ሰሜን ወሎ