አንዲት ቃል ቸግራኝ ነው የጻፍኩልህ

ወንድሜ፣

እንዴት ነህ? ሐዋሳ እንዴት ናት? ልጆቹስ? ሦስት ዓመት ሙሉ ጠፍቼ አሁን «እንዴት ነህ» ማለቱ ራሱ ያሳፍራል። የጋሼን ለቅሶ ሳልደርስ ቀረሁ። ዛሬ ነገ ስል አርባው አለፈ። ከዚያ በኋላ በምን ፊቴ ልደውል? ሙት ዓመቱም አለፈ። ምክንያት አልደረድርልህም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በለኝ። ነፍሳቸውን ይማር።

አሁን የጻፍኩልህ አንዲት ቃል ቸግራኝ ነው። አትሳቅ። «ይሄ ልጅ ዛሬም ከቃል ጋር ይታገላል?» እንደምትል አውቃለሁ። እታገላለሁ። ሰሞኑን እንቅልፍ ነስታኛለች።

ለአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆቼ የእንግሊዛዊውን ገጣሚ የባይሮንን ግጥም ሰጠኋቸው። ያችን አሥራ ሁለት መስመር፣ አንተ ስድስት ኪሎ አጥሩ ሥር ቆመህ በቃልህ የምትወጣትን። «ሶ ዊል ጎ ኖ ሞር ኧ ሮቪንግ» የምትለዋን። ወደ አማርኛ መልሱ አልኳቸው። አንዷ ጎበዝ ተማሪዬ ተነስታ «ከእንግዲህ አናውደለድልም» ብላ አነበበች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ደነገጥኩ። ልጅቷ እኮ አልተሳሳተችም! የተሻለ ቃል ስጠን ቢሉኝ ምን ልሰጣቸው ነው?

እስቲ አብረን እንፈልግ። «መዞር» ብል ወዲያው «ዙረት» ይመጣል፤ ቤቱ አልቀመጥ ያለ ሰው የሚሰደብበት ነው። «መንከራተት» መከራ አለበት። «መቅበዝበዝ» የቃየል ነው፤ «ኮብላይና ተቅበዝባዥ» ተብሎ የተረገመበት። «መንሸራሸር» ደግሞ ሱፍ የለበሰ ሰው የእሁድ ከሰዓት ነው፣ ሌሊት የለበትም። ልጆቹ «ወክ እናድርግ» የምትለዋን ወደዱ። እኔም ወድጄላቸዋለሁ፤ ግን ሰይፍና ሰገባ ካለበት ግጥም ውስጥ አትገባም። ለሚዞር ሰው ወይ ስድብ ወይ እንባ ብቻ ነው ያለን? ደስ ብሎት ለሚዞረውስ?

የእንግሊዝኛዋ ቃል፣ «ሮቪንግ»፣ ይሄ ሸክም የለባትም። ድሮ ቀስተኞች ይሏት ነበር። ቋሚ ዒላማ ሳይተክሉ፣ ሜዳ ለሜዳ እየሄዱ ዓይናቸው ያረፈበትን ሁሉ ዒላማ አድርገው መወርወር ማለት ነበረች። መድረሻህን መንገድ ላይ ነው የምትመርጠው። ፊት ለፊቷ ያለችው «ኧ» ደግሞ የጥንት ናት፣ ዛሬ በግጥምና በድሮ ዘፈን ካልሆነ አትሰማትም። ባይሮንም ያገኛት ስለ አንድ ለማኝ ከሚዘፈን የስኮትላንድ ዘፈን አዝማች ነው። ለልጆቹ ላንድሮቨር ስሟን ከዚችው ቃል እንዳገኘች ስነግራቸው ዓይናቸው በራ። ማርስ ላይ የሚሄዱት መኪኖችም «ሮቨር» ነው የሚባሉት። መኪኖቹ ግን ይችን ግጥም አይረዷትም ብዬ አስባለሁ።

ልብ ያላልነው ነገር ነበር፣ ታውቃለህ? ግጥሟ የተጻፈችው ደብዳቤ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1817 መጨረሻ ከቬኒስ፣ ሩቅ ላለው ወዳጁ ለቶማስ ሙር። የካርኒቫሉ ሰሞን፣ የእነሱ ቅበላ በለው፣ አልፎ ጾም ገብቷል። ሌሊቱን ሲያነጋ ከርሞ አሞታል። ገና 29 ዓመቱ ነው። ሰይፉ ሰገባውን እየበላው እንደሆነ ለወዳጁ ይነግረውና ግጥሟን ከሥሩ ይጽፍለታል። ልብም ቆም ብላ መተንፈስ አለባት፣ ፍቅርም ይረፍ ይላል። ከሰባት ዓመት በኋላ በ36 ዓመቱ ግሪክ ውስጥ ሞተ። ግጥሟን በ1830 ያሳተማት ያው ሙር ነው። ወዳጁ ደብዳቤውን አስቀምጦለት ነው እኛ ጋ የደረሰችው።

ይሄን ሳነብ አንተን አሰብኩ። በሃያ ዓመታችን ስንወጣት እኮ የደስታ ዘፈን ነበር የምትመስለን። ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ፣ ከስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያ ቁልቁል ተመልሰን ፒያሳ። የት እየሄድን ነበር? የትም። አሁን አርባን ተሻግሬ ሳነባት መሰናበቻ ሆና አገኘኋት። ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ ልጨርሳት አልቻልኩም። ለተማሪዎቼ ጉሮሮዬን አሞኛል አልኳቸው።

እና... እንዴት እንደምለው አላውቅም። ጋሼ ናቸው ትዝ ያሉኝ። እግራችን እስኪነቃ ዞረን ስንመለስ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው በር የሚከፍቱልን። የኔ አባት ቢሆን «እናንተ አውደልዳዮች» ይለን ነበር። ጋሼ ግን አንድም ቀን አልተቆጡንም። «ዛሬስ እግራችሁ የት አደረሳችሁ?» ነበር የሚሉን። ደግሞ መልሱን ቁጭ ብለው ይሰሙ ነበር። እራት እየቀረበልን ያየነውን ሁሉ ስንነግራቸው ትዝ ይልሃል?

የምፈልጋት ቃል እዚያ ውስጥ ያለች ይመስለኛል። ትናንት ሌሊት እንዲህ ሞከርኳት፦

ከእንግዲህ አንሄድም፣ እግር እንዳመራን፣
ጨረቃዋ ደምቃ፣ መንገዱን ብታበራ።

አልገጠመችም፣ ይታወቀኛል። ግን ስድብም እንባም የለባትም። አንተ ከኔ የተሻለ ጆሮ አለህ፣ አስተካክልልኝ።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጋሼ «የት አደረሳችሁ» ነበር የሚሉት፣ ወይስ «የት ጣላችሁ»? ሁለቱም በድምፃቸው ይሰማኛል፣ መለየት አቃተኝ። ለልጆቹ ከመናገሬ በፊት ካንተ ልስማ። ከፋሲካ በኋላ ሐዋሳ እመጣለሁ፣ መቃብራቸው ጋ ትወስደኛለህ። ከፈለግህ ከዚያ ሐይቁን ይዘን በእግራችን እንሄዳለን።

ያንተው