ዜናና ድራማ ለማየት በየወሩ መክፈል ግድ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በባሕር ዳር ዜናና ድራማ ብቻ እያየ በየወሩ ለቴሌቪዥን የሚከፍል ቤተሰብ ብዙ ነው። ይህ ገንዘብ ያሳዝነኛል። የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ኢትዮሳት በሚባለው የሳተላይት ስርጭት በነጻ ይገባሉ፤ ዩኤስቢ ያለው ሪሲቨር ካለም ፕሮግራሙን ቀድቶ ያቆያል። ያለ ካርድ የማይከፈቱ የኳስ ጣቢያዎች ግን በዚህ መንገድ አይገኙም።

ሳተላይቱ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ከባሕር ዳር ሲታይ ከሰሜን በምሥራቅ በኩል ሲቆጠር 120 ዲግሪ፣ ከአድማስ ወደ ላይ ደግሞ 63 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። በዚያ በኩል የማንጎ ዛፍ ከጋረደው ዲሹን ወደ ጣሪያ ማውጣት ነው። ክረምት ሲገባ ምስሉ የሚቆራረጠው በዝናቡ ብቻ አይደለም፤ በኬብሉ ጫፍ ውኃ እየገባም ነው። መጋጠሚያውን በጎማ ቴፕ ጠቅልሉት፣ ኬብሉም ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ረገብ ይበል።

ለቅጂ 64 ጊጋባይት ፈጣን ፍላሽ ይበቃል። በሴኮንድ 3 ሜጋቢት የሚተላለፍ ፕሮግራም በሰዓት 1.35 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። ፍላሹ ፋት 32 (FAT32) በሚባለው የፋይል አያያዝ ፎርማት ከተደረገ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት አያልፍም፤ ረጅም ቅጂ መሀል ላይ የሚቆመው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ሃርድ ዲስክ ከሆነ የሪሲቨሩ ዩኤስቢ ኃይል ላይበቃው ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። በሪሲቨሩ ላይ የሰዓት ቀጠናውን +3 አድርጉ፤ ሪሲቨሩ ሰዓት የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስለሆነ የምሽት 2 ሰዓቱን ዜና ለመቅዳት የሚሞላው 20:00 ነው። ሪሲቨር የምትሸጡ ነጋዴዎች፣ እባካችሁ ይህን ለገዢው ሳታሳዩ አትሸኙት።

አክባሪዎ፣ ከባሕር ዳር