ለትከሻህ የሚሆን ጠመንጃ

ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሰበብ መደርደር አልፈልግም። አባትህ ሲያርፉ ለቀብር አለመድረሴ አንገቴን አስደፍቶኝ ነበር፤ ምን ብዬ እንደምጽፍልህ ጠፋኝ። ይቅር በለኝ።

ትናንት ማታ መሳቢያ ስከፍት አገኘሁትና ደግሜ አነበብኩት። ትከሻህ ቀዶ ጥገና ከተደረገ ወዲህ የአባባን ጠመንጃ መተኮስ እንዳልቻልክ፣ ወደ ሰማይ ለሚወረወር የሸክላ ዒላማም ለአደንም የሚሆን ከፊል አውቶማቲክ ሾትገን፣ ማለትም ራሱን የሚያጎርስና ብዙ ፍሬ የሚበትን ጠመንጃ፣ እንድመርጥልህ ነበር የጠየቅከኝ። ይኸው ዘግይቼም ቢሆን ልመልስልህ።

የአባትህን ጠመንጃ ሳስብ ትዝ የሚለኝ ምቱን የሚገታው ያ ቀለበት ነው። አውቶ-5 የሚባለው ያ ጠመንጃ ጆን ብራውኒንግ የፈለሰፈው ነው፤ ቤልጅየም ውስጥ መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ሲተኮስ አፈሙዙ ራሱ ከነመዝጊያው ወደ ኋላ ይሄዳል። አባትህ ቀላል ጥይት ስናጎርስ ቀለበቱን አፈሙዙን ከሚመልሰው ሞላ ኋላ፣ ከባድ ስናጎርስ ከሞላው ፊት አድርጉ ይሉን ነበር። አንድ ቀን ረሳሁትና ሰንበሩ ትከሻዬ ላይ ሳምንት ቆየ። ጠመንጃና ጥይት መስማማት እንዳለባቸው የገባኝ ያን ቀን ነው።

የዛሬዎቹ ከዚህ ጣጣ ገላግለውናል። ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በጋዝ ይሠራል። ባሩዱ ሲቃጠል ከሚፈጠረው ጋዝ ጥቂቱ በአፈሙዙ ሥር ባሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ሾልኮ ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑ መዝጊያውን ይመልሳል፣ ቀለሁ ይወረወራል፣ ቀጣዩ ጥይት ይገባል። ምቱ በአንዴ ዱብ አይልብህም፤ ለስለስ ብሎ ይመጣል። ሁለተኛው ኢነርሺያ የሚሉት፣ የጣሊያኑ ጠመንጃ ሠሪ ቤኔሊ የሚታወቅበት ነው። ጠመንጃው በምቱ ወደ ኋላ ሲሄድ ከባዱ መዝጊያ ባለበት ይቀርና ሞላ ይጨምቃል፤ ሞላው ደግሞ መዝጊያውን ይመልሰዋል። ጋዙ በአፈሙዙ ስለሚወጣ ውስጡ ንጹሕ ነው፣ ክብደቱም ቀላል ነው። ግን ምቱን ትከሻህ ይቀበለዋል።

እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ሦስት ኪሎ የማይሞላ ኢነርሺያ ነበር። ተራራ ስወጣበት ደስ ይል ነበር። ሸክላ ላይ ግን ጉዱ ወጣ። አንድ ዙር 25 ዒላማ ነው፤ አራት ዙር ስትጫወት 100 ጥይት ተኮስክ ማለት ነው። ከሁለተኛው ዙር በኋላ ምላጩን ከመሳቤ በፊት ዓይኔ ይጨፈን ጀመር። ፍሬው 24 ግራም ብቻ የሆነ ቀላል ጥይት ሲገባበት ደግሞ አንዳንዴ ቀለሁን ሳይተፋ ይነክሰዋል፤ መዝጊያውን የሚያሠራ በቂ ምት አላገኘም። ከአንድ ዓመት በኋላ ሸጥኩት።

ላንተ ትከሻ የምመርጠው በጋዝ የሚሠራ፣ 12 ጌጅ፣ ከ3.2 እስከ 3.5 ኪሎ የሚመዝን ነው። ጌጅ የአፈሙዙ ስፋት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ አፈሙዙ ይጠብባል። 20 ጌጅ ይቀለኛል ብለህ እንዳትቸኩል። በኦሊምፒክ የሚተኮሰው 24 ግራም ጥይት ከበድ ካለ 12 ጌጅ ሲወጣ ከቀላል 20 ጌጅ ይልቅ ይለሰልሳል። ክብደቱ ምቱን ይውጥልሃል።

የጋዙ ዕዳ ጽዳት ነው። ፒስተኑ ላይ ጥቁር ጥላሸት ይጋገራል። እኔ ከተኩስ በኋላ ጠረጴዛ ላይ ፈትቼ በጨርቅና በናስ ብሩሽ አጸዳዋለሁ፤ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ዘይት አታብዛበት፣ ጥላሸቱን ይይዘዋል።

ከሁሉ በላይ ግን ልኩን እይ። ሾትገን የኋላ ማነጣጠሪያ የለውም፤ የኋላ ማነጣጠሪያው ዓይንህ ነው። ሱቅ ውስጥ ባዶ መሆኑን አረጋግጥ፣ ዓይንህን ጨፍን፣ ሰደፉን ወደ ትከሻህ አምጣና ጉንጭህን አሳርፍበት። አሁን ዓይንህን ግለጥ። አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችው ማነጣጠሪያ እንክብል ቀጥ ብላ ከታየችህ ተስማምታችኋል። የጠመንጃው ጀርባ ከጋረደህ ሰደፉ ዝቅ ብሏል፤ አፈሙዙ ከላይ ወደ ታች ከታየህ ከፍ ብሏል። ብዙዎቹ ሰደፉን ከፍና ዝቅ፣ ግራና ቀኝ የሚያደርጉ ስስ ማስተካከያዎች ከሳጥኑ ጋር ይመጡላቸዋል። ሻጩ እስኪያስተካክልልህ አትክፈል። ስሙ የገነነ ጠመንጃ ጉንጭህ ላይ ካልተቀመጠ ምንም አያደርግልህም።

የቀረው ቀላል ነው። አፈሙዙ 71 ሳንቲሜትር ይሁን፣ ለሸክላም ለአደንም ይበቃል። የጥይት ማጉረሻው ርዝመት 76 ሚሊሜትር ከሆነ 89 አያስፈልግህም። የፍሬውን መበታተን የሚወስኑ፣ አፈሙዙ ጫፍ ላይ የሚቀያየሩ ማጥበቢያዎች ይኑሩት፤ የብረት ፍሬ ያለው ጥይት ግን በጣም በሚያጠበው አትተኩስ። ለዳክዬ ብረት መልመድህ አይቀርም፤ በአውሮፓ ኅብረት ረግረጋማ ቦታ ላይ የእርሳስ ፍሬ ያለው ጥይት መተኮስ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2023 ጀምሮ ተከልክሏል።

አንድ ነገር አደራ። ባለ ድርብ አፈሙዝ ጠመንጃ ሲታጠፍ ባዶነቱን ሁሉም ያያል፤ ይሄ ግን አይታጠፍም። መዝጊያውን ክፍት አድርገህ ያዝ፣ ባዶ መሆኑን የምታሳየውን ትንሽ ባንዲራ ማጉረሻው ውስጥ ሰካ። ቀለሁ ወደ ቀኝ ስለሚወረወር በቀኝህ የቆመውንም ሰው አስብለት።

ክርንህን አጥፈህ ከመታጠፊያው እስከ ምላጭ ጣትህ ለካና ላክልኝ፤ ለሰደፉ ርዝመት ግምት ይሰጠኛል። ሁለቱንም ዓይኖችህን ገልጠህ ጣትህን ወደ ሩቅ ነገር ቀስር፣ ከዚያ ግራህን ጨፍን። ጣትህ ከቦታው ከሸሸ ንገረኝ፤ የሚመራህ ግራ ዓይንህ ነው ማለት ነው፣ ምርጫችንም ይለወጣል።

የአባባን ጠመንጃ ግን እንዳትሸጠው። ስመጣ ፈትተን ዘይት እንቀባዋለን፤ ቀለበቱን እኔ እመልሰዋለሁ።

ወንድምህ