ለአዋላጇ ጓደኛዬ፣ ከሎስ አንጀለስ

እህት ዓለም፣ እንዴት ነሽ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? ትንሿ ስንተኛ ክፍል ደረሰች? ደሴ ብርዱ እንዴት ይዟችኋል?

አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼብሻለሁ። ምክንያቱን ሳትገምቺው አትቀሪም፤ ግን ከእኔ አፍ አልሰማሽውም። የእናትሽን የእማማን መርዶ የሰማሁት የሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። ነገ እደውላለሁ አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ አርባ ሆነ። ከአርባው በኋላ ደግሞ በምን ፊቴ ልደውል? እንዲህ እያልኩ ሙት ዓመታቸውም አለፈ። እትብቴን የቆረጡ እናት አርፈው «ነፍስ ይማር» ሳልልሽ ቀረሁ። ይቅር በይኝ።

ዛሬ ብዕር ያስያዘኝ አንድ ግድግዳ ነው። እዚህ መሀል ከተማ ስፕሪንግ ስትሪት የሚባል መንገድ አለ። ባለፈው ሰኞ ለጉዳይ ሄጄ ቀጠሮዬ ገና ስለነበር ወዲያ ወዲህ ስል፣ ከሕንፃዎቹ ጀርባ ጠባብ መናፈሻ አገኘሁ። እዚያ 25 ሜትር ገደማ የሚረዝም ጥቁር የኮንክሪት ግድግዳ ቆሟል። የአንዲት ሴት ሕይወት በየአሥር ዓመቱ ተከፋፍሎ ተጽፎበታል። የሠረገላ ጎማ፣ የአዋላጅ ቦርሳ፣ የክር ጥቅል፣ መቀስ ቅርጻቸው ኮንክሪቱ ላይ ታትሟል። መቀሱን በጣቴ ዳሰስኩት። ያቺ የእማማ የብስኩት ቆርቆሮ ትዝ አለችኝ። ክዳኗ የዛገው፣ ምላጩና ክሩ በንጹሕ ነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለባት፣ ልጆች እንዳንነካት አልጋ ሥር የምትቀመጠዋ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ቀጠሮዬም አለፈ።

ሴትዮዋ ቢዲ ሜሰን ትባላለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ እሷ ያላነበብኩት የለም፤ ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ።

በ1818 በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ውስጥ፣ ጥጥ የሚለቀምበት አገር፣ ባሪያ ሆና ተወለደች። ፊደል አልቆጠረችም። ማዋለድንና የቅጠላ ቅጠል መድኃኒትን ግን ከልጅነቷ ተማረች። ከማን ቢባል እንደ እማማ ከትልልቆቹ ሴቶች ነው። ሚሲሲፒ የነበረው ጌታዋ ሮበርት ስሚዝ ሞርሞን የሚባል እምነት ተቀበለና በ1848 ቤቱን ጠቅልሎ ወደ ምዕራብ፣ ሞርሞኖች ወደሚሰፍሩበት ወደ ዩታ ተነሣ። ነጮቹ በሠረገላ ሄዱ። እሷ ከኋላ በእግሯ፣ ከብቱን እየነዳች፣ አቧራውን እየበላች። መንገዱ 2,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሦስት ሴቶች ልጆች ነበሯት። ኤለን የአሥር ዓመት፣ አን የአራት፣ ሃሪየት ደግሞ ገና ጡት የምትጠባ። አንቺ አዋላጅ ነሽ፣ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ ይገባሻል። የምታጠባ እናት ቀኑን ሙሉ በእግሯ ሄዳ፣ ማታ ሲሰፈር እሳት አንድዳ፣ ወጥ ሠርታ፣ ምጥ የያዛት ካለች ደግሞ እሷን ታዋልዳለች።

ከሦስት ዓመት በኋላ ስሚዝ እንደገና ተነሥቶ ካሊፎርኒያ፣ ሳን በርናርዲኖ ወሰዳቸው። ካሊፎርኒያ ደግሞ በሕጓ ባርነትን የከለከለች ግዛት ናት። ግን ሕግ ወረቀት ላይ መኖሩና ለአንቺ መድረሱ ሌላ ነው። አምስት ዓመት ገደማ በነፃ አገር ባሪያ ሆና አገለገለች። በመጨረሻ ሰውየው ሁሉንም ይዞ ወደ ቴክሳስ ሊወርድ ተዘጋጀ። እዚያ ከገቡ አለቀላቸው፤ ቴክሳስ ባርነት በሕግ የተፈቀደበት አገር ነበር።

ያዳኗት ጎረቤቶች ናቸው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሮበርት ኦውንስ የሚባል ነፃ ጥቁር ነጋዴ ነበር። ልጁ ቻርልስ የቢዲን ትልቋን፣ ኤለንን ወዷታል። አባትና ልጅ ሸሪፉ፣ የአካባቢው ሕግ አስከባሪ ዘንድ ሄደው አመለከቱ፤ ስሚዝ ሰዎቹን ይዞ የሰፈረበት ሸለቆ ድረስ ተሂዶ ተወሰዱ። ነገሩ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ፣ ያለ ሕግ የተያዘ ሰው ይለቀቅ የሚባልበት፣ ሆኖ ዳኛ ቤንጃሚን ሄይስ ፊት ቀረበ። ያን ጊዜ ጥቁር ሰው በነጭ ላይ በፍርድ ቤት መመስከር አይፈቀድለትም ነበር። ጠበቃቸውም ገንዘብ ተቀብሎ ከዳቸው። ዳኛው ግን ቢዲን ቢሮው አስገብቶ ለብቻዋ ጠየቃት። የታዘዝኩትን ሁሉ ስፈጽም ኖሬአለሁ፣ ይህን የቴክሳስ ጉዞ ግን ከሰማሁበት ቀን ጀምሮ ስፈራው ነበር አለችው። ጥር 1856፣ አጼ ቴዎድሮስ ከነገሡ ዓመት ሊሞላቸው ሲል መሆኑ ነው፣ ዳኛው አሥራ አራቱም ሰዎች ለዘላለም ነፃ ናቸው ብሎ ፈረደ። እሷና ሦስት ልጆቿ፣ ሃና የምትባለዋ ሌላዋ ሴት ከነልጆቿና ከነልጅ ልጇ።

ከዚህ በኋላ አንቱ ካላልኳቸው ከበደኝ። የእማማ እኩያ ሆኑብኝ።

ዕድሜያቸው 37 ነበር። ቤሳ ቤስቲን የላቸውም። ዶክተር ጆን ግሪፊን የሚባል ሐኪም ዘንድ በነርስነትና በአዋላጅነት ገቡ፤ ደመወዛቸው በቀን ሁለት ዶላር ተኩል። የሀብታሙንም የድሃውንም ልጅ ተቀበሉ። ብዙዎቹ ወላዶች ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ነበሩና ቋንቋውን ጥርት አድርገው ቻሉት ይባላል። ከተማውን ፈንጣጣ ሲመታው ሌላው ሰው ሲሸሽ እሳቸው ገብተው በሽተኛ አስታመሙ።

ነፃ በወጡ በዓመቱ መካከለኛዋ ልጅ አን ሞተችባቸው። ይህን ሳነብ ብዙ ቆየሁ። ያን ሁሉ መንገድ ተሸክመሽ አምጥተሽ፣ ነፃ አውጥተሽ፣ ከዚያ መቅበር። ስለዚህ ነገር የተጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው።

ሥራቸውን ግን አላቋረጡም። አሥር ዓመት ቆጥበው በ1866 ስፕሪንግ ስትሪት ላይ ቦታ ገዙ፣ በ250 ዶላር። በከተማዋ መሬት በስማቸው ከገዙ የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ሴቶች አንዷ ናቸው። ስማቸውን መጻፍ ስለማይችሉ ውሉ ላይ የፈረሙት የመስቀል ምልክት አድርገው ነው። ለልጆቻቸው ይህን ቦታ መቼም እንዳትለቁ ይሉ ነበር አሉ። ያኔ ዳር አገር ነው፤ አትክልት የሚተከልበት። ከተማው ግን ወደ እሳቸው መጣ። ዋጋው እየናረ ሄዶ እማማ ሜሰን ሀብታም ሆኑ።

ኤለን ያን ቻርልስን አገባችው፣ ሁለት ወንዶች ልጆችም ወለደች። አንደኛው የልጅ ልጅ ሮበርት በኋላ በመሬትና በቤት ንግድ ከከተማዋ ጥቁሮች ሁሉ ሀብታሙ የሚባል ሰው ሆነ። ግን ስለ ሮበርት የወደድኩት ሌላ ነገር ነው። አያቱ ሲያረጁ ሠፈርተኛው ሁሉ «አያታችን ሜሰን» ይላቸው ነበር። ጠዋት ጠዋት በራቸው ላይ የተቸገረ ሰው ይሰለፋል። እስረኛ ይጠይቃሉ፣ የተራበ ያበላሉ። በ1880ዎቹ ጎርፍ የሰው ቤት ሲወስድ፣ ቤቱ የፈረሰበት ሁሉ በእሳቸው ሒሳብ አስቤዛ እንዲወስድ ለአንድ ባለሱቅ ነገሩት። በ1872 የመጀመሪያው የጥቁሮች ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን የተቋቋመው እሳቸው ሳሎን ውስጥ ነው። በመጨረሻ ሕመም ሲጸናባቸው በሩ ላይ ቆሞ ሰልፈኛውን «ዛሬ አልቻሉም» እያለ የሚመልሰው ያ የልጅ ልጅ ነበር። እናንተ ግቢ እማማ ሲታመሙ አንቺ በሩ ላይ እንዲሁ ቆመሽ እንደነበር እህቴ ነግራኛለች።

ጥር 1891 በ72 ዓመታቸው አረፉ። ቦይል ሃይትስ የሚባለው ሠፈር፣ ኤቨርግሪን መካነ መቃብር ተቀበሩ። መቃብራቸው ላይ ስም የተጻፈበት ድንጋይ አልነበረም። አንድ ዓመት ሁለት ዓመት አይደለም፣ 97 ዓመት። ያዋለዷቸው ልጆች አርጅተው ሞቱ፣ የእነሱም ልጆች አረጁ። ድንጋዩ የቆመው በ1988 ነው፤ ሳሎናቸው ውስጥ የተጀመረው ቤተ ክርስቲያን ምእመናንና የከተማዋ ጥቁር ከንቲባ ቶም ብራድሊ ባሉበት። ግድግዳው በዓመቱ ተከተለ፣ ድሮ ቤታቸው በነበረበት ቦታ ላይ።

እሑድ መቃብራቸው ድረስ ሄድኩ። ሁለት አውቶቡስ ነው። አበባ ይዤ ነበር፣ ጥቂት ቆሜ ጸለይኩ፣ የእማማንም ስም ጠራሁ። የመጣሁት ለሁለቱም ነበር።

አሁን የምጠይቅሽ ነገር አለ። የእማማ መቃብር ላይ ሐውልት ቆሟል? እህቴን ብጠይቃት አላውቅም አለችኝ። ካልቆመ ግማሹን እኔ ልክፈል፣ እንቢ እንዳትይኝ። ድንጋዩ ላይ ስማቸውና ዘመናቸው ይጻፍ፣ ከሥሩ ደግሞ «አዋላጅ» ይባል። ያቺ ቆርቆሮ ካለች ደግሞ አደራ፣ ማንም እንዳይጥላት። ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ክዳኗን ከፍተሽ።

ቅዳሜ በእናንተ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ እደውልልሻለሁ። ባታነሺው አይከፋኝም፣ እሑድም እደውላለሁ።

እህትሽ፣
ከሎስ አንጀለስ