ለእማዬ፣ ስለ ሚጡ ሳል

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? አራተኛ ፎቅ መውጣት መውረዱ እንዳይጎዳሽ እሰጋለሁ። እኛ አዳማ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው ስለ ሚጡ ሳል ስናወራ «እናንተን ያሳደግኳችሁ በዚሁ በረኪና፣ በዚሁ ከሰል አይደል?» አልሽኝ። እውነትሽን ነው። ግን የድሮውን ቤት አስቢው። ማድ ቤቱ ጓሮ ነበር። ልብስ የምታጥቢው ደጅ ነው። በቆርቆሮውና በግድግዳው መሃል ነፋስ እንደ ልቡ ይገባል። የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም እንደዚያ አይደለም። ብርዱን ፈርተሽ መስኮቱን ከዘጋሽ የገባው ሁሉ እዚያው ነው።

የልጅ ሳንባ ደግሞ ገና እየተሠራ ነው። አየር የሚቀበሉት ጥቃቅን ከረጢቶች አብዛኞቹ የሚፈጠሩት ልጁ ከተወለደ በኋላ ነው። ልጅ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ በኪሎው ሲታሰብ ከኔና ካንቺ የበለጠ አየር ያስገባል። የአየር ቧንቧው ቀጭን ስለሆነ ትንሽ እንኳን ካበጠ ሲር ሲር ይላል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ የሽንት ቤቱ ጽዳት ነው። በረኪናና አሲድ ሲቀላቀሉ ክሎሪን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። ዓይንሽን የሚያቃጥልሽ፣ ጉሮሮሽን የሚይዝሽ እሱ ነው። ከአየር በ2 እጥፍ ተኩል ገደማ ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሚጡ የምትጫወተው ደግሞ ወለል ላይ ነው። ሎሚና አቼቶም ቢሆኑ ከበረኪና ጋር አይሆኑም። አንዱን ብቻ ተጠቀሚ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ መስኮት ከፍተሽ። «ካልሸተተ መች ጸዳ» እንደምትይ አውቃለሁ። ይጸዳል እማዬ!

ፍሊቱም ያው ነው። የተነፋው ወለሉና ፍራሹ ላይ ያርፋል። የግድ ከሆነ ሚጡ ትምህርት ቤት ስትሆን ንፊው፤ ከዚያ ቤቱን አናፍሰሽ ወለሉን ወልውይ። ለበረሮው ግን ቀዳዳ ውስጥ የሚቀባው መድኃኒት ይሻላል።

ቡናሽን ተዪ አልልም፣ ማን ደፍሮ! ከሰሉን ግን በረንዳ ላይ አድርጊው። ፍም ሲሆን ጭሱ የጠፋ ይመስላል እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ይወጣዋል። ማታ ለሙቀት ብለሽ መኝታ ቤት እንዳታስገቢው፣ በእመቤቴ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ከ5 ዓመት በታች ሆነው በሳንባ ምች ከሚሞቱት ሕፃናት ግማሽ ያህሉን የሚገድለው የቤት ውስጥ ጭስ ብናኝ ነው። ዕጣኑም ቢሆን ጭስ ነው፤ ቆንጠር አድርገሽ፣ በሩን ከፍተሽ።

ከብሎኩ ጀርባ ፌስታል የሚያቃጥሉትን ምን እንደምናደርጋቸው እንጃ። ያን ሰዓት መስኮቱን ዝጊ፣ ሲያልፍ ክፈቺ። ለኮሚቴውም ንገሪ፤ አንቺን ይሰሙሻል።

ላምባና በረኪና ደግሞ በሃይላንድ ጠርሙስ አታስቀምጪ። ልጅ ውሃ መስሏት ከጠጣች ላምባው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። እንዲህ ቢሆን እንድታስመልስ አታድርጊ፣ ቀጥታ ሐኪም ቤት ነው።

ሰኞ ሐኪም ጋ ስትወስጃት ሳሉ መቼ እንደሚብስባት ንገሪው፤ ከጽዳት በኋላ ይሁን፣ ከቡና በኋላ ወይስ ሌሊት። እስከዚያ ስትተነፍስ የጎድን አጥንቷ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ ግን ሰኞን አትጠብቂ፣ በሌሊትም ቢሆን ይዘሻት ውጪ። ለእኔም ደውይልኝ።

ልጅሽ